ነጩን ልውሰድ ወይስ ሮዙን? ያልተለመደ ቀለም ያላቸው የጫካ አበቦች ንጽጽር

አንድ ስም፣ ሁለት ቀለም። ዛፍ ሥር ጥላ ቦታ ያለው አትክልተኛ ደጋግሞ የሚገጥመው ምርጫ ይሄ ነው። በነጭነቱ የሚታወቀው ትሪሊየም ሮዝ ሆኖ ይቀርብለታል። ከሰማያዊው ሄፓቲካ ጎን ነጭ ተደርድሯል። ተራ ከሚባለው ሐምራዊ ፎክስግሎቭ አጠገብ ደግሞ እንከን የሌለው ነጭ ቆሟል። ብርቅዬው ዓይን ይስባል፤ እጅም ወደዚያው ይሄዳል። ብርቅ መሆኑ ብቻውን ግን ብዙ አይነግረንም። አንዳንዱ ብርቅዬ ቀለም ዕድሜ ልኩን ከተክሉ ጋር ይኖራል። አንዳንዱ በሳምንት ውስጥ ሌላ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ በሽታ ነው።

ስለዚህ “ያምራል ወይ?” ከማለት በፊት “ቀለሙ ከየት መጣ?” ማለት ይሻላል። ከጂኑ ሊመጣ ይችላል። ከአበባው ዕድሜ ሊመጣ ይችላል። ከአየሩና ከብርሃኑ፣ ወይም ከበሽታ ሊሆንም ይችላል። ገንዘብም ትዕግሥትም የሚገባው የመጀመሪያው ነው። ሌሎቹን ለይቶ ማወቅ ግን ልምድ ይጠይቃል፤ እዚያው እንጀምር።

አላፊው ሮዝና ቋሚው ሮዝ

ቀለም በዕድሜ ሲለወጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ሜርቴንሲያን ይመልከት። በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ እርጥብ ደኖች ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው፤ ብዙዎች የቨርጂኒያ ብሉቤል ይሉታል። ጎንበስ ብላችሁ አንዱን ዘንግ ብቻ እዩ። ያልፈኩት እምቡጦች ሮዝ ናቸው። ሊፈኩ የደረሱት ወደ ሐምራዊ ይወስዳቸዋል። የፈኩት ጥርት ያለ ሰማያዊ ናቸው። ሁሉም እዚያው አንድ ዘንግ ላይ! በአበባው ሕዋስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሲድነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። ያው አንድ ማቅለሚያ አሲድ ሲበዛበት ሮዝ፣ ሲቀንስለት ሰማያዊ ይሆናል። ዘመዱ ፑልሞናሪያም ተመሳሳይ ጠባይ አለው።

እንግዲህ “ሮዝ ሜርቴንሲያ አለ” የሚላችሁ ሰው እምቡጥ ብቻ ካሳያችሁ አትቸኩሉ። ከፈካም በኋላ ሮዝ ሆኖ የሚቀር ሜርቴንሲያ በእርግጥ አለ። ነጭም አለ። ሁለቱንም ማረጋገጥ የሚቻለው ግን አበባው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ነው።

ትሪሊየም ግራንዲፍሎረም ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ይሄኛው ነጭ ሆኖ ይከፈትና ሲያረጅ ሮዝ ይሆናል። የተለመደ ጠባዩ ነው፤ ምንም ብርቅ የለበትም። ብርቁ “ሮዜየም” የሚባለው ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ሮዝ ሆኖ ይከፈታል። ቨርጂኒያ ውስጥ በብሉ ሪጅ ተራሮች አካባቢ እንዲህ ያለው በብዛት ይገኛል። ሁለቱን ለመለየት አበባው መቼ እንደተከፈተ ማወቅ ያስፈልጋል። ትኩስ አበባ ሮዝ ከሆነ ሮዜየም ነው። ጠርዙ መጠውለግ የጀመረ አበባ ሮዝ ከሆነ ግን ተራው ትሪሊየም ሊሆን ይችላል። ያረጀ አበባ ፎቶ አይታችሁ እንዳትገዙ።

ስለ ፎቶ ካነሳን አይቀር፦ ካሜራ ሰማያዊና ሐምራዊ አበባ ላይ ክፉኛ ይዋሻል። ዓይናችን ሰማያዊ የሚለውን አንዳንድ አበባ ካሜራው ወደ ሮዝ ወስዶ ያሳየዋል። አበባው ራሱ ቀይ ብርሃንም ስለሚያንጸባርቅ ነው፤ ዓይን ያን ያህል አይሰማውም፣ ካሜራ ግን ይይዘዋል። ሰማያዊ እንፈልጋለን ካላችሁ በዓይናችሁ በብረቱ አይታችሁ ውሰዱ።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ቀዝቀዝ ባለ ፀደይ ሮዝና ሐምራዊ ይደምቃሉ፤ ሙቀት ሲመጣ ይገረጣሉ። ያው ተክል ዘንድሮ ደማቅ፣ ከርሞ ፈዛዛ ቢሆንባችሁ አትደናገጡ። “አፈሩን አሲዳማ ባደርገው ሰማያዊ ይሆንልኛል?” የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሃይድራንጂያ ከሚባለው ቁጥቋጦ የመጣ ነው። ሃይድራንጂያ ላይ የሚሠራው በአፈሩ ውስጥ ባለው አሉሚኒየም ምክንያት ነው። እዚህ የምናወራላቸው የጫካ አበቦች ላይ አይሠራም።

አረንጓዴ አበባ፦ አንዱ ውሰዱት፣ አንዱ አርቁት

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነገር ልናገር። ነጭ ፔታል (የአበባ ቅጠል) ላይ አረንጓዴ መስመር የተሳለበት ትሪሊየም በጣም ያምራል። አትውሰዱት። መስመሩ አዲስ ዝርያ አይደለም። ፋይቶፕላዝማ የሚባል፣ ከባክቴሪያ ወገን የሆነ ጥቃቅን ሕዋስ በተክሉ ውስጥ ሲገባ የሚመጣ ምልክት ነው። ዓመት በዓመት አረንጓዴው ይሰፋል። አበባው ቅርጹን ያጣል፣ ቅጠሉ በማይሆን ቦታ ይወጣል፣ ተክሉ እየደከመ ይሄዳል። ፋይቶፕላዝማን ከተክል ወደ ተክል የሚያመላልሱት የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ትንንሽ ዘላይ ነፍሳት ናቸው። ስለዚህ አንዱን የታመመ ጤነኞቹ መሃል መትከል ጎረቤቶቹን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። “ባለመስመር ልዩ ትሪሊየም” ተብሎ የተሸጠበት ጊዜ አለ፤ የገዛው ሰው የከፈለው ለበሽታ ነው።

ከዚህ ጋር አኔሞኔ ኔሞሮሳ “ቪሬሰንስ”ን አስተያዩት። ይሄ የአውሮፓ ደን አበባ ተራው ነጭ ነው። ቪሬሰንስ ግን ፔታል የለውም ማለት ይቻላል። በምትኩ እንደ ዳንቴል የተሰነጣጠቁ አረንጓዴ ትንንሽ ቅጠሎች ተደራርበው አበባ ይመስላሉ። ዘር አይሰጥም። የሚራባው ሥሩን በመክፈል ብቻ ነው። ሆኖም ጤነኛ ነው፣ ከዓመት ዓመት ያው ነው፣ ቅጠሎቹም ቶሎ ስለማይረግፉ ከነጩ ይልቅ ብዙ ሳምንት ይቆያል። አረንጓዴ አበባ ለሚወድ ሰው ምርጫው ይሄ ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ጤነኛው አረንጓዴ ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ አበባ ሌላውን ይመስላል፣ ያምናውም የዘንድሮውን ይመስላል። በሽተኛው ወጥነት የለውም፤ አንዱ አበባ በመስመር፣ ሌላው ግማሹ አረንጓዴ፣ ሦስተኛው የተጣመመ። ይህ መለኪያ ለሌላ ዝንጉርጉር ቀለምም ያገለግላል። ወጥነት የሌለው ጭረትና ርጭት ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድን ያሳበዱት ባለጭረት ቱሊፖች ጭረታቸው ከቫይረስ የመጣ ነበር። ዶሮቲ ኬይሊ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ ይህ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው የሚተላለፍ መሆኑን ያሳየችው በ1928 ነው። አስተላላፊው ክሽክሽ ነው። ቱሊፕ ያውም የሊሊ ዘመድ ስለሆነ፣ ጥላ ሥር ሊሊ ያለው ሰው ባለጭረት ቱሊፕ አጠገቡ ባይተክል ይበጀዋል።

ነጭ፦ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ

ነጭን የማስቀድመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በጥላ ውስጥ ይታያል። ሁለተኛ፣ ከሁሉም ቀለሞች ይልቅ በዘር የመቀጠል ዕድሉ ሰፊ ነው።

መጀመሪያ ስለ መታየቱ። ሲመሻሽ ዓይናችን ቀይን ቀድሞ ያጣል። ሰማያዊና አረንጓዴ ትንሽ ይቆያሉ። ይህን የዓይን ጠባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ቼካዊው ሳይንቲስት ፑርኪንዬ ነው። ጥቁር ቀይ ትሪሊየም ኤሬክተም ጠዋት በቅርብ ሲያዩት የሚደንቅ አበባ ነው፤ አመሻሽ ላይ ከአሥር እርምጃ ርቀት ግን ከረገፈው ቅጠል ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ደስ የማይል ሽታ አለው፤ የሚስበው ዝንቦችን ነው። ነጩ የትሪሊየም ኤሬክተም ዓይነት፣ “አልበም” የሚባለው፣ በዚያው ሰዓት ከሩቅ ይታያል። መንገድ ዳር ለመትከል ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉኝ ሳላቅማማ ነጩን እላለሁ። ጥቁር ቀዩን የምትወዱ ከሆነ እግራችሁ ሥር፣ ቁጭ የምትሉበት ቦታ አጠገብ ትከሉት።

አሁን ስለ ዘሩ። ብዙው ሐምራዊ፣ ሮዝና ሰማያዊ አበባ ቀለሙን የሚያገኘው አንቶሳያኒን ከሚባል ማቅለሚያ ነው። ተክሉ አንቶሳያኒን ለመሥራት ብዙ ደረጃዎችን ያልፋል። በሚውቴሽን፣ ማለትም በጂን ለውጥ፣ ከደረጃዎቹ አንዱ ከተበላሸ ማቅለሚያው አይሠራም፤ አበባው ነጭ ይሆናል። ይህ ብልሽት ብዙ ጊዜ ድብቅ ባሕርይ ነው። ማለትም ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይገለጥም። ግሪጎር ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ጽሑፉ ያሳየው ይህንኑ ነው። ሐምራዊና ነጭ አበባ ያላቸውን አተሮች ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ሐምራዊ ሆነ። ቀጣዩ ትውልድ ላይ 705 ሐምራዊና 224 ነጭ ቆጠረ። ሦስት ለአንድ ገደማ ማለት ነው።

ለአትክልተኛ ትርጉሙ ይሄ ነው። ነጩን ብቻውን ብትተክሉ ልጆቹ ነጭ ይሆናሉ። ሐምራዊ ጎረቤት ካለው ግን ንቦች ያደባልቁታል፤ ከዘሩ የሚወጡት ብዙዎቹ ሐምራዊ ይሆናሉ። “ነጩ ወደ ሐምራዊ ተለወጠብኝ” የሚል ሮሮ በብዛት ይሰማል። አልተለወጠም። ነጩ አርጅቶ ሞቷል፣ በቦታው የበቀለው ልጁ ነው።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው ፎክስግሎቭ ላይ ነው። ፎክስግሎቭ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ በሁለተኛው ያብባል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ የምታዩት ሁሌም አዲስ ትውልድ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ቀለሙን አበባው ሳይመጣ መገመት ይቻላል። ቡቃያው ጥቂት ቅጠል ሲያወጣ አንዱን ቅጠል ቀስ ብላችሁ ገልበጥ አድርጉና ወደ መሃሉ የሚገባበትን አንገት እዩ። አንገቱና የቅጠሉ መሃል ጅማት ሐምራዊ ጥላ ካለበት አበባውም ሐምራዊ ይሆናል። ጥርት ያለ አረንጓዴ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው። ማቅለሚያውን መሥራት የማይችል ተክል ግንዱና ቅጠሉ ላይም አያወጣውማ! ሐምራዊዎቹን በዚያ ዕድሜ ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው። ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለው ነጭ ግን በዚህ ፈተና ላይለይ ይችላል፤ እሱ ማቅለሚያ መሥራቱን አልተወም፣ ነጠብጣቡ ላይ ወሰነው እንጂ። አሮጌ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ሥራው በአንድ ወቅት አያልቅም። ደግሞም ፎክስግሎቭ መርዛማ ነው፣ ልብ ይነካል። ሕፃናት ባሉበት ቦታ ይታሰብበት።

ከፎክስግሎቭ ይልቅ ልፋት የማይፈልግ ነጭ የሚሻ ሰው ጄራኒየም ሲልቫቲከም “አልበም”ን ይያዝ። ቋሚ ተክል ነው፣ በየዓመቱ ከዚያው ሥር ይመለሳል፣ ከዘርም ነጭነቱን ይዞ ይወጣል። ሲክላሜን ሄደሪፎሊየም “አልበም” ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ በተኙበት በመኸር ያብባል፤ በደረቅ የዛፍ ሥር ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ የሚጸናው እሱ ነው። ነጭ ማርታጎን ሊሊ ቁመት ለሚፈልግ ነው። ከዘር ለማድረስ ግን ዓመታት ይፈጃል።

ነጭ ሁሌም ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። ዝናብ የመታው ነጭ ፔታል ቡናማ ጠባሳ ያወጣል፤ ሰማያዊው ላይ ያው ጠባሳ አይታይም። ነፍሳትም የየራሳቸው ምርጫ አላቸው። ክሌይቶኒያ ቨርጂኒካ የምትባል ትንሽ የደን አበባ ከነጭ እስከ ደማቅ ሮዝ ድረስ ትለያያለች። አዳቃይ ነፍሳት ደማቁን ያዘወትራሉ። ዛጎል አልባው ቀንድ አውጣ ደግሞ የነጩን ቅጠል ብዙም አይደፍርም፤ ነጮቹ ፍላቮኖል የሚባል የመከላከያ ቅመም በብዛት አላቸው። ሁለቱም ቀለሞች ጎን ለጎን የሚኖሩት አንዱ በአንዱ በኩል ስለሚጎዳ፣ ሌላው በሌላ በኩል ስለሚጠቀም ነው። ክሌይቶኒያን ከተከላችሁ እንግዲህ ቀለም አትምረጡ፤ ድብልቁን ትከሉት።

ሮዝ ከሰማያዊ

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ብዙው የግል ስሜት ነውና። ሄፓቲካን የሚስተካከለው ስለሌለ እሱን ብቻ ላንሳ። ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ሁሉም በአንድ ዝርያ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል። ጃፓኖች ከዚህ አንድ ተክል እጅግ ብዙ ቀለምና ቅርጽ አውጥተዋል። ቀለም ያለው ክፍሉ ፔታል ሳይሆን የእምቡጡ ሽፋን ነው። ጥላ ሥር ሰማያዊው ሄፓቲካ ከሮዙ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፣ በተለይ ገና ምንም ባልበቀለበት ቡናማ መሬት ላይ። ሮዙ በቅርብ ሲያዩት ነው የሚያምረው፤ ሸክላ ውስጥ አሳድጎ ገበታ ላይ ለማስቀመጥ ጥሩ ነው።

ብሉቤል ላይ ግን (ከቨርጂኒያው ሜርቴንሲያ የተለየ ተክል ነው) ሮዝ መፈለግ ችግር አለበት። የእንግሊዙ ብሉቤል ሮዝና ነጭ ልጆች አልፎ አልፎ ይወልዳል። የስፔኑ ብሉቤልና ከሁለቱ የተገኘው ዲቃላ ግን ሮዝና ነጭ የሚሆኑት በብዛት ነው። ስለዚህ ሮዝ ብሉቤል ስታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲቃላነት ነው። የእንግሊዙ ዘንጉ ጫፉ ላይ ጎንበስ ይላል፣ አበቦቹ ወደ አንድ ጎን ይንጠለጠላሉ፣ ሽታው ጣፋጭ ነው፣ ቅጠሉ ጠባብ ነው። የስፔኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አበቦቹ ዙሪያውን ናቸው፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ሽታው እዚህ ግባ አይባልም። የዱር ብሉቤል ባለበት ደን አቅራቢያ የምትኖሩ ከሆነ ሮዙን ተዉት። ዲቃላው ወደ ደኑ ሲገባ ማስወጣት አይቻልም።

የሸለቆ ሊሊ ሮዝ ዓይነትም አለች። የገረጣ፣ የታጠበ የሚመስል ሮዝ ነው። ነጯ ትበልጣለች፤ በዚህ የሚከራከረኝ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሁለቱም መርዛማ ናቸው፣ ሁለቱም ቦታ ይወርራሉ።

ድርብ ወይስ ነጠላ?

ድርብ አበባ ማለት ፔታሉ ተደራርቦ የበዛበት ነው። በእነዚህ አበቦች ብዙ ጊዜ ፔታል የሆኑት የአበባ ዱቄት የሚሠሩት ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ ዘር የለም፣ ለንብ የሚተርፍ ዱቄትም የለም ወይም ጥቂት ነው። በምላሹ የምታገኙት ዕድሜ ነው። ያልተዳቀለ አበባ ቶሎ አይረግፍም።

ልዩነቱ ሳንጉናሪያ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሥሩ ሲቆረጥ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የሚያወጣ ተክል ነው፤ ፈሳሹ ቆዳ ሊያቆስል ስለሚችል ስትከፍሉት ጓንት አድርጉ። ነጠላው ነጭ አበባው በሁለት ሦስት ቀን ሊረግፍ ይችላል። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከመጣማ የዓመቱ ነገር አበቃ። ድርቡ፣ “መልቲፕሌክስ” የሚባለው፣ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ነጭ ኳስ ይመስላል። እዚህ ላይ ድርቡን እመርጣለሁ። ነጠላው የሚያምርበት ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ትሪሊየም ላይ ግን ነጠላው ይሻለኛል። ድርቡ “ፍሎር ፕሌኖ” እንደ ጋርዴኒያ የተደራረበ ነው፣ የሚያየው ሁሉ ይደነቃል። ሆኖም ሦስት ቅጠል፣ ሦስት ፔታል የሚለው ጥርት ያለ ቅርጽ ይጠፋል። የሚራባው በመክፈል ብቻ ስለሆነም ቀስ ብሎ ነው የሚበዛው። አኔሞኔ ላይ “ቬስታል” መሃሉ ላይ እንደ ቁልፍ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ድርብ አለው፣ ዙሪያው ግን ነጠላ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም ፍላጎት የሚያስታርቅ እሱ ነው። ሰማያዊ አኔሞኔ የሚፈልግ “ሮቢንሶኒያና”ን ይፈልግ፤ በአትክልተኛው ዊሊያም ሮቢንሰን ስም የተሰየመ ነው፣ የገረጣ ሰማያዊ ነው፣ በአፈር ውስጥ በሚሄደው ቀጭን ሥሩ ቀስ እያለ ይሰፋል።

ቢጫ ሲመጣ

ያልተለመደ ቢጫ በሁለት መንገድ ይመጣል። አኩዊሌጂያ ካናደንሲስ ተራው ቀይና ቢጫ ነው። ቀዩ አንቶሳያኒን ነው፣ ቢጫው ካሮቲኖይድ የሚባል ሌላ ማቅለሚያ። ቀዩ ሲጠፋ ቢጫው ብቻውን ይቀራል፤ “ኮርቤት” የሚባለው እንዲህ ያለ ነው። ቁመቱ አጠር ይላል፣ ጤናው ጥሩ ነው። ከሌሎች አኩዊሌጂያዎች ርቆ ከተተከለ ልጆቹ ቢጫ ይሆናሉ። አኩዊሌጂያ ግን የጎረቤት ዱቄት አይመርጥም። አጠገቡ ሌላ ካለ ልጆቹ የማን እንደሆኑ አታውቁም።

ስኖውድሮፕ (አረንጓዴ ምልክት ያለው ትንሽ ነጭ አበባ) ላይ ያለው ቢጫ ሌላ ነው። “ሳንደርሲ” በሚባሉት ላይ አረንጓዴ መሆን የነበረበት ምልክትና የአበባው ራስ ቢጫ ይሆናሉ። ውብ ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ ከተራው ይደክማሉ። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ውስጥ ቢጫው ይፈዛል፤ የተሻለ ብርሃን ይፈልጋል። ለጀማሪ አልመክራቸውም። ቢጫ በጥላ ውስጥ ብቻ ከሆነ የሚያሻችሁ፣ ከተፈጥሮው ቢጫ የሆነውን ትሪሊየም ሉቴየምን ውሰዱ። ሎሚ ሎሚ ይሸታል፣ ቅጠሉም ዝንጉርጉር ነው። ብርቅዬ ቀለም ከደካማ ተክል ላይ ከመለመን፣ ቀለሙ ባሕርይው የሆነ ዝርያ መያዝ ይሻላል። ገረጣ ያለ ቢጫ ደግሞ አኔሞኔ ሊፕሲየንሲስ አለ፤ የነጩና የቢጫው አኔሞኔ ዲቃላ ነው፣ ጠንካራ ነው።

ከዘር ወይስ ከመክፈል?

ቀለሙን ሳይዛነፍ የሚጠብቀው መክፈል ነው። ከእናቱ የተገነጠለ ሥር እናቱ ራሷ ማለት ነው። ስም የተሰጠውን ዓይነት ስትገዙ “ተከፍሎ ነው ወይስ ከዘር?” ብላችሁ ጠይቁ። ከዘር ከሆነ ስሙ ተስፋ ብቻ ነው፤ አበባውን ካላያችሁ አትመኑት።

ከዚህ ሕግ የምታፈነግጥ ቆንጆ ነገር አለች፦ ቫዮላ ሶሮሪያ “ፍሬክልስ”። ነጭ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ የተረጨባት ናት። በፀደይ የምናየውን አበባ ታብባለች። በኋላ ግን ቅጠሏ ሥር ተደብቀው የማይከፈቱ እምቡጦች ታወጣለች። እምቡጦቹ ተዘግተው ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ። ንብ አይገባም፣ የጎረቤት ዱቄት አይገባም። ስለዚህ ልጆቿ እናታቸውን ይመስላሉ፣ ነጠብጣቡ ይቀጥላል። ጉዳቷ ብዛቷ ነው። ዘሯን ታስፈነጥራለች፣ በየስንጥቁ ትበቅላለች። ትንሽ ቦታ ያለው ሰው አስቦበት ይትከላት።

ከዘር ለሚያሳድግ ሰው ጊዜው ይለያያል። ፎክስግሎቭ በሁለተኛው ዓመት ያብባል። ሄፓቲካ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ትሪሊየም በመጀመሪያው ብርድ ወቅት ሥር ብቻ ያወጣል፣ ቅጠል የሚታየው ከሁለተኛው ብርድ በኋላ ነው፣ አበባ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የሄፓቲካ፣ የትሪሊየምና የሳንጉናሪያ ዘር ሲደርቅ የመብቀል አቅሙ ክፉኛ ስለሚቀንስ እንደበሰለ ወዲያው መዝራት ነው። ከዘሩ ጋር የተጣበቀች ቅባት ያላት ቁራጭ አለች፤ ጉንዳኖች ለእሷ ሲሉ ዘሩን ተሸክመው ይወስዱታል። ነጩን እዚህ፣ ሰማያዊውን እዚያ ብላችሁ የለያችሁት ድንበር ጉንዳን አይገባውም።

ስትገዙ

ከጫካ ተነቅሎ የመጣ ተክል አትግዙ። ብርቅዬ ቀለም ያለው ሲነቀል ጫካው የሚያጣው ያንኑ ጂን ነው፤ የተነቀለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። ብሪታኒያ ውስጥ በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ የዱር ተክልን ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ መንቀልን ይከለክላል፤ ከ1998 ጀምሮ ደግሞ ከዱር የተነቀለ ብሉቤል መሸጥ ክልክል ነው። ስኖውድሮፕና ሲክላሜን በዓለም አቀፍ የዱር ተክልና እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ድንበር ሲሻገሩ ወረቀት ሊጠየቅባቸው ይችላል። በችግኝ ጣቢያው የተራባ መሆኑን ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው ወይም ሥሩ ላይ የጫካ አፈርና የሌላ አረም ሥር ከተጠላለፈበት ተዉት።

ጊዜ ከሌላችሁና አንድ ብቻ ካላችሁ ጄራኒየም “አልበም”። ደረቅ ጥላ ከሆነ ነጭ ሲክላሜን። ብርቅዬ ነገር ካማራችሁ ድርብ ሳንጉናሪያ። አረንጓዴ ካላችሁ ቪሬሰንስ። ትዕግሥት ላለው፣ ሮዜየም።

የገዛችሁትን አበባው ሳለ ምልክት አድርጉበት። ግንዱ ላይ ባለቀለም ክር እሰሩ፣ አጠገቡም የማይሰረዝ ጽሑፍ ያለው እንጨት ትከሉ። ሜርቴንሲያና አኔሞኔ ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠላቸው ደርቆ ከመሬት በላይ ምንም አይተርፍም፤ ልትከፍሉ የምትመለሱት ያኔ ነው፣ ነጩንና ሰማያዊውን በሥሩ መለየት ደግሞ አይቻልም።